የታጠበው የቅቤ ማሰሮ

ወልቂጤ የነበረው የቀዩ ምግብ ቤት ዛሬ የለም። ጣሊያን ሲወጣ አብሮ ወጥቷል፤ ቤቱም የእህል መጋዘን ሆኗል ይላሉ። ስለዚህ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ እዚያ ምሳ መብላት ያዋጣ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ አሁን ለማንም አይጠቅምም። እኔ የማይጠቅም ጥያቄ እወዳለሁ፤ ማንም አይሻማኝም።

ጉዞው በወረራው ዘመን፣ መስቀል ሲቃረብ የሆነ ነው። አስተምርበት የነበረው የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ያሉኝን መጻሕፍት ደግሜ አነባለሁ፤ ከሁሉም አስቀድሜ ስለ ድግስ የተጻፈውን ገጽ እገልጣለሁ። ሽሮ እየበላሁ በቅቤና በወይን ስለተጠበሰ ድርጭት ያነበብኩትን ያህል የሃይማኖት መጽሐፍ ባነብ ኖሮ ዛሬ ጳጳስ ነበርኩ።

ጋሽ ሳህሌ የላኩብኝ በዚህ ጊዜ ነው። የቡታጅራ ሰው ናቸው፤ ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ነበራቸው። ጣሊያን ገበያውን ሲያዛውር ሱቁ ቀረ፣ እሳቸውም አገራቸው ገቡ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ ዘምቶ ቀረ። ትንሹ ሽብሩ ወልቂጤ ላይ፣ ሰው በጺሙ መልክ «ቀዩ» ለሚለው ጣሊያናዊ ባለ ምግብ ቤት ያበስላል። ይህ ቀዩ በአገሩ ለመሳፍንት ያበሰለ ነው ይባላል፤ መኮንኖቹ የእሱን ምሳ ለመብላት ከአዲስ አበባ በአውቶሞቢል ይሄዱ ነበር።

መልእክቱን ያመጣልኝ ቆዳ ነጋዴ እንዲህ ሲል በቃሉ ነገረኝ፦ «መስቀልን እኛ ዘንድ ዋል። ከዚያ በፊት ግን ወልቂጤ አብረን እንሂድ። ሽብሩ ሁለት መስቀል አልመጣም። ፈረንጁ ነው የያዘው። አንተ ቋንቋቸውን ታውቃለህ፤ ለበዓሉ ይልቀቅልኝ በልልኝ። ሽብሩም ከዚያ ምግብ ያቀምስሃል፤ ሆድህን አውቀዋለሁ።»

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ልጅ ዓመታት ጠፍቶ ቢቀር እናቱ «መንገድ ይዞት ነው» ብላ ትተኛለች። በጉራጌ አገር እንዲህ አይደለም። የትም የሚነግድ ልጅ መስቀልን አባቱ ደጅ ይውላል። ያልመጣ ወይ ታሟል፣ ወይ ሞቷል። ሌላ ምክንያት የላቸውም።

*ሰኞ*

ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ በጫነ ካሚዮን ላይ ወጣሁ። የይለፍ ወረቀቴ «ዘመድ ጥየቃ» ይላል። «ምሳ» ቢል ኖሮ ያስሩኝ ነበር፣ ወይም ያዝኑልኝ ነበር፤ ሁለቱንም አልፈልግም። ከአዋሽ ማዶ ዝናቡ ያዘን። ካሚዮኑ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ፣ ሲገፉ ከሚውሉት አንዱ እኔ ሆንኩ። ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰው ሲሚንቶ የኮቴ እጅጌ ላይ ከዝናቡ ጋር ተላቁጦ ደረቀ። ብዙ ሰው ሐውልት የሚሠራለት ከሞተ በኋላ ነው፤ እኔን በቁሜ ከቀኝ ክንዴ ጀመሩኝ።

*ማክሰኞ*

ቡታጅራ በቆዳ ነጋዴዎች በቅሎ ደረስኩ። እኛ ዘንድ ቤት ከማሳው ላይ ቆሞ ይታያል፤ እዚህ እንሰቱ ቤቱን ውጦታል፣ ጣራውን የሚያገኙት ጭሱን ተከትለው ነው። ጋሽ ሳህሌ ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። ከስተዋል።

«መምህር፣ ምነው ክንድህ?»

«መንግሥት ሠራው።»

ሳቁ። በጉዞው ሁሉ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ትርፌ ቆጮና ጎመን አቀረቡልኝ። ቆጮን ከእንጀራ ጋር ማወዳደር ሰሜን ያደግን ሰዎች የማንተወው በሽታ ነው። እኔም አወዳደርኩ፣ ለእንጀራ ፈረድኩ፣ ቆጮውን ግን ጨረስኩት። ስጨርስ እትዬ ትርፌ ከጓዳ አንዲት ትንሽ ጥቁር ማሰሮ በኮባ ጠቅልለው አመጡ።

«ይቺ የሽብሩ ናት» አሉ። «ሲወለድ ነው የገዛኋት። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማሰሮ አለው፤ የመስቀል ቅቤው በሷ ይከርማል። ውኃ ነክቷት አያውቅም። በወይራ ጭስ ነው የማጸዳት። አሽትት።»

አሸተትኩ። ጭስ፣ ኮሰረት፣ የከረመ ቅቤ፤ እንደ ድሮ ቤት ይሸታል።

«ይሄን ውሰዱለት» አሉ። ከዚያ ለባላቸው ሳይሆን ለእኔ እንዲህ አሉኝ፦ «ሁለት መስቀል ድርሻውን በኮባ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ማታ ለጎረቤት ሰጠሁ። ለታላቁ ማስቀመጥ የተውኩት መርዶው ሲመጣ ነው። ለዚህ መርዶም የለኝ፣ ልጅም የለኝ። ዘንድሮ ላስቀምጥ ወይስ አላስቀምጥ? ይሄንን ጠይቃችሁልኝ ኑ።»

«ይመጣል፤ ይዘነው እንመጣለን» አሉ ጋሽ ሳህሌ።

«አንተን አልጠየቅሁም» አሉ እትዬ ትርፌ።

*ረቡዕ*

ወደ ወልቂጤ የሚያሻግረውን ተራራ በእግር ጀመርነው። የጋሽ ሳህሌ በቅሎ ጓዙን ተሸከመች፤ ማሰሮዋን ግን እሳቸው በቅሎ አላምንም ብለው በጋቢያቸው አዝለዋታል። ዳገቱ የመንዝን ብርድ አስታወሰኝ፤ እዚያ ግን ብርዱ ደረቅ ነው፣ እዚህ እርጥብ ሆኖ አጥንት ውስጥ ይገባል። ጉም መሐል የግራ ጫማዬ ሶል ተላቆ ቀረ። ፓሪስ የተሠራ ጫማ ነው፤ ስለዚህ አገር ዳገት ማንም አልነገረውም።

ነስሩ የሚባል ገበሬ ቤት ገባን። «አሰላሙ አለይኩም» አሉ ጋሽ ሳህሌ፤ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ነስሩ እንደተቀመጥን አንድ ቅል ወተት አቀረበልን፣ ወዲያው ደግሞ ግንባሩን መታ።

«ለካ ሮብ ነው! ትጾማላችሁ። አንቺ፣ ወተቱን አንሺ፣ ሰዎቹን ኃጢአት ልናበላ ነው!»

ሚስቱ ወተቱን አንስታ የተቆላ ገብስና ደረቅ ጎመን አመጣች። ስለ ጾም ብዙ መጽሐፍ አንብቤ ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ ጾሜን ሳላስበው ያስታወሰኝ ግን እስላም ባላገር ነው። ጫማዬንም ወስዶ ሶሉን በእንሰት ቃጫ ጠፍሮ ሰፋልኝ። «ወልቂጤ ያደርስሃል። መመለሻህን አላህ ያውቃል» አለኝ።

*ሐሙስ*

አገና ላይ ገበያ ነበር። መንገዱ ወደ አገሩ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል። ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ጨው፣ አቡጀዲና ሚጥሚጣ ተሸክመዋል፤ በሬ የሚጎትት አለ። የጣሊያን ቀረጥ ተቀባይ በጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ሁሉንም ይፈትሻል። ጋሽ ሳህሌ የሚያልፈውን ወጣት ሁሉ ፊት ፊቱን ያያሉ።

«ሽብሩን እዚህ ያገኙት መስሎዎት ነው?» አልኳቸው።

«የሰው ልጅ ማየት ተከለከለ እንዴ? ለዚህም ይለፍ አለ?»

ያደርንበት ቤት ባለቤት ሴት ለእንግዳ ብላ ቆጮውን በቅቤ አራሰች፣ አይብ ከመረችበት። «ይሄንን የፈረንጁ ቤት አታገኘውም» አለችኝ። የምሄድበትን ማን እንደነገራት አላውቅም። በዚህ አገር የሰው ሆድ የሚያስበው ከእግሩ ቀድሞ ይደርሳል።

*ዓርብ*

ወደ ጉብሬ ስንወርድ ዝናብ። በእንሰት ቅጠል ተከናንበን ሄድን። ጋሽ ሳህሌ በመንገድ ላይ ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ፦ በቤታቸው የመስቀሉን በሬ የሚያርደው ታላቁ ልጅ ነው። አባታቸውም፣ አያታቸውም እንዲህ ነበሩ።

«ትልቁ ከቀረ ወዲህ ጎረቤት ነው የሚያርድልኝ። የኔ እጅ ደክሟል። ቢላውን ለሽብሩ አስቀምጬዋለሁ። እሱ ሲያርድ ካየሁ ይበቃኛል።»

ጉብሬ ያደርንበት ቤት ሽምብራ አበሉን። 

*ቅዳሜ*

ወልቂጤ ያኔ ከተማ መባል የጀመረች መንገድ ነበረች። ካሚዮን፣ ነዳጅ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ባንዲራ። የቀዩ ቤት ነጭ ቀለም ተቀብቶ መስኮቶቹ ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል። የፊት በሩን ለአገሬው ሰው ሕጉ ከልክሎታል። በጓሮ ዞርን።

ሽብሩ ነጭ ልብስ ለብሶ ወጣ። አባቱ እግር ላይ ወደቀ፣ ጉልበታቸውን ሳመ። ወፍሯል፤ እጁ ላይ የተቃጠለ ጠባሳ አለ።

«እናቴስ?»

«ደህና ናት። ይሄን ልካልሃለች።» ማሰሮዋን ከጋቢያቸው ፈትተው ሰጡት።

ሽብሩ ማሰሮዋን በሁለት እጁ ተቀበለ። ኮባውን ገልጦ አሸተተ፣ ራሱን ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት አደረገ። ምንም ማለቱ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያሸት የሚውል ሰው አፍንጫ ነው። ጋሽ ሳህሌ ግን አዩት።

ያስቀመጠን ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ እኔ የዱቄት ከረጢት ላይ፣ እሳቸው ሣጥን ላይ። ከነጮቹ ጋር እንዳንቀመጥ የከለከለን ሕግ ከሽንኩርታቸው ጋር መቀመጥን አልከለከለም። ከመጋረጃው ወዲያ የማንኪያና የሳቅ ድምፅ ይሰማል። ሽብሩ እዚያ የሚያቀርበውን ለእኛም ያመጣል። መጀመሪያ የአጥንት መረቅ፤ ጠጅ የመሰለ ጥርት ያለ፣ ሽታው ግን ሙሉ በሬ። ቀጥሎ በሥጋ የተሞላ፣ እንደ ጨቅላ ጆሮ የታጠፈ ሊጥ። ከዚያ በቀይ ወይን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የበሰለ የጥጃ ሥጋ፤ በማንኪያ ጫፍ ይቆረጣል።

ጋሽ ሳህሌ ሥጋው ሲቀርብ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ማን አረደው?»

«እኔው ነኝ አባባ። በስመ አብ ብዬ። ቀዩ ይሄን ያውቃል፣ ዝም ይላል።»

«አንተ አረድክ?»

«እኔ ነኝ የማርድ፤ ሁልጊዜ።»

ሽማግሌው ሁለቴ ቀመሱና ተዉት።

አገር ወዳድ ጸሐፊ ቢሆን እዚህ ላይ ምግቡ አስጠላኝ ይላል። አልልም። ስለ ምግብ ካነበብኩት ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘሁት ይህ ብቻ ነው፤ ለአገሬ ክብር ብዬ ምላሴን አላስዋሽም። ጠላት ማብሰል ይችላል። ከጠላት ጋር ያለን ችግር ወጡ አልነበረም።

ከዚያ ሽብሩ የራሱን አመጣ። ክትፎ ነው፤ ቀዩ በአገሩ ጥሬ ሥጋ እንደዚሁ ተከትፎ በዘይትና በሎሚ ይበላ ነበርና፣ የሽብሩን እጅ ሲያይ በገበታው ላይ አስገባው። መኮንኖቹ ይህን በጣም ይወዱታል፤ ጥሬ ሥጋ መብላታችንን አውሬነት ያሉን ሰዎች ናቸው። ለአባቱ ግን በእናቱ ቅቤ ነው የለወሰው። ነጭ ሳህን ላይ፣ ክብ፣ ዳሩ በቢላ የተስተካከለ። ሥጋው እንደ ሐር ለስልሷል።

ጋሽ ሳህሌ አንዴ ጎረሱ። 

«የእናትህ ቅቤ ነው?»

«የሷው ነው። አቅልጬ በጨርቅ አጠራሁት እንጂ። ሽታው ስለሚበረታ።»

«አጠራኸው።»

«አልጣመዎትም?»

«ጥሩ ነው። ቁጭ በልና አብረኸኝ ብላ።»

ከአዳራሹ ደወል ተደወለ። «ይጠሩኛል አባባ፤ አሁን እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ሳህኑ መሐላችን ቀረ። እኔ እንኳ እጄን አልዘረጋሁም፤ የሚያውቁኝ ይህን ለማመን ይቸገራሉ።

ምሳው ሲያልቅ ቀዩ ራሱ መጣ፤ ወፍራም፣ ላቡ የሚፈስ፣ ጺሙ እንደ በርበሬ። በቃጫ የተሰፋውን ጫማዬን አየ፣ ምን እንደነበርኩ ገመተ መሰለኝ፣ እጁን ጠርጎ ጨበጠኝ። አገሩ ለፈረንሳይ ድንበር ቅርብ ነው፤ ቋንቋውን ከእኔ ይልቅ በፍጥነት ይናገራል። ሽብሩ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጋሽ ሳህሌ ቆመው ቆባቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ።

የተላክሁትን ነገርኩት፦ ይህ የልጁ አባት ነው፤ ለበዓሉ ይልቀቁለት።

ቀዩ ዓይኑን አፈጠጠ። «ልልቀቀው? ዓምናም ሂድ ብዬዋለሁ፣ ዘንድሮም ብዬዋለሁ። በቅሎ ልሰጠው ነበር፣ ለእናቱም ስኳር። እሱ ነው እምቢ ያለኝ። ‹ቤት ከሄድኩ የወንድሜን ቢላ ያስይዙኛል፤ በምን እጄ እይዘዋለሁ?› ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ቢላ ይዞ የሚውል ልጅ! አንተ ይገባሃል?»

ገባኝ። ወንድሙን የገደሉትን ሲያበላ የዋለ እጅ፣ ወንድሙ ይይዘው የነበረውን ቢላ እምቢ አለ። ቀዩ የማብሰል ሊቅ ነው፤ ይህን ግን በየትኛው እሳት እንደሚበስል አያውቅም።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ሳህሌ።

ስለ እውነት ብዙ የጻፍኩ ሰው ነኝ። «አይቻልም አለ። ሥራ አለ። አልለቀውም ብሏል» አልኳቸው። ጣሊያን በዚያ ዘመን የሠራው በደል ተቆጥሮ አያልቅም፤ እኔም የሌለበትን አንድ ጨመርኩለት።

ስንወጣ ሽብሩ ማሰሮዋን አምጥቶ ሰጠን። በአመድና በሳሙና ፈትጎ አጥቧታል። ታበራለች። ውስጧ ስኳር ሞልቷል፣ አፏ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አስሯል። «ባዶ አይመለስም ብዬ ነው» አለ። ዓይኑ እንባ አዝሏል። ጋሽ ሳህሌ ግንባሩን ሳሙት፣ መረቁት። «ና» አላሉትም። እሱም «እመጣለሁ» አላለም።

*እሑድ*

ስንመለስ መንገዱ አጠረብን፤ የሚቆም፣ የሰው ፊት የሚያይ የለም። ከአገና በላይ ዳገቱ መሐል ጋሽ ሳህሌ ዞር ሳይሉ እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር።»

«አቤት።»

«ፈረንጁ ብዙ ተናገረ። አንተ ግን አጭር ነገርከኝ።»

ዓይኔን ወደ ጫማዬ መለስኩ። 

«ደግ አደረግክ» አሉ፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ነስሩ ቤት ስንደርስ ወተቱን አገኘነው፤ እሑድ ነውና ጠጣነው። የጫማዬ ቃጫ ተበጥሶ ነበር፣ ደግሞ ሰፋልኝ። ልጁ መጣ ወይ ብሎ አልጠየቀም። ሁለት ሰው ሄዶ ሁለት ሰው ሲመለስ እያየ ነው።

*ሰኞ*

ቡታጅራ የደረስነው የጎመን ክትፎ በሚበላበት ዋዜማ ነው። ከየቤቱ ጎመን በቅቤ ይሸታል። እትዬ ትርፌ ከኋላችን መንገዱን አዩ፣ ከዚያ እኛን።

«ፈረንጁ ከለከለ» አሉ ጋሽ ሳህሌ። «ሳሙልኝ ብሏል። ስኳር ልኳል።»

እትዬ ትርፌ ማሰሮዋን ተቀበሉ። ጨርቁን ፈቱ። ስኳሩን አላዩትም፤ አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱ። ከዚያ በጣታቸው ውስጧን ዳሰሱ።

«ማን አጠባት?»

 «ሽብሩ ነው» አልኩ እኔ። «ለክብር ብሎ ነው።»

«በራሱ እጅ?»

«በራሱ እጅ።»

«የሰው ዕቃ አጥቦ የሚመልስ እንግዳ ነው» አሉ። በቁጣ አልነበረም፤ እንደ ሐኪም ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። ስኳሩን ለጎረቤት ልጆች አካፈሉት። ማሰሮዋን ግን ወደ ጓዳ አልመለሷትም፤ ደጅ፣ ከውኃ እንስራው አጠገብ አስቀመጧት። ያን ሌሊት ዘነበ፤ ጠዋት ሳያት ውኃ ይዛለች።

*ማክሰኞ*

በሬው ተጣለ። ጋሽ ሳህሌ ቢላውን ይዘው ወጡ፤ ቢላዋ ረጅም ናት፣ እጀታዋ ቀንድ። ጥቂት ይዘዋት ቆሙ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ለጎረቤቱ ሰጧት። ጎረቤቱ አረደ።

ቤት ውስጥ እትዬ ትርፌ ኮባውን እየቀደዱ ለየሰዉ ዘረጉ። ሲዘረጉ እጃቸውን ተከተልኩ፤ ጋሽ ሳህሌም እንደዚሁ። የባላቸው። የራሳቸው። የጎረቤቱ። ቀጥሎ ከበሩ አጠገብ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ፣ አንድ። እዚያው አጠገብ ሌላ አንድ።

ክትፎውን አቀረቡ። የተለወሰው በሌላ ማሰሮ በከረመ ቅቤ ነው፤ አልጠራም፣ ጭሱ ይከረፋል፣ ቤቱን ሞላው። የእኔን ሰጡኝና በላሁ። ያኛው ኮባ ላይም ድርሻው ተቀመጠ። ሁሉም ጨርሶ እስኪነሳ ጠበቁ። በሩ ክፍት ነው፤ ከመንገዱ ወደየቤታቸው የሚገቡ ልጆች ድምፅ ይሰማል።

በዓሉ ሲበርድ እትዬ ትርፌ ተነሡ። ጎረቤት ሊጠሩ መስሎኝ ነበር። ኮባውን አንስተው እኔ ፊት አስቀመጡት።

«ብላው መምህር» አሉ። «የእንግዳን ድርሻ እንግዳ ይብላው።»

እምቢ ለማለት ጋሽ ሳህሌን አየሁ። እሳቸው ወደ በሩ ያያሉ።

ወልቂጤ ድረስ ሄዶ የቀዩን ምሳ መብላት ያዋጣ ነበር ወይ ለምትሉኝ፣ ምሳው ጥሩ ነበር። እስከዚያ ቀን ከበላሁት ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሂሳቡን የከፈልኩት ግን ቡታጅራ፣ በሩ አጠገብ፣ የሽብሩን ድርሻ በቀንድ ማንኪያ እስከ መጨረሻው ስበላ፣ እናቱም ቆመው ሲያዩኝ ነው።

«ጣመህ?» አሉኝ።

«ጣመኝ እትዬ» አልኩ። ይህን ግን አልዋሸሁም።